የሞልደን ውጊያ (991)፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቫይኪንጎች (ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየመጡ የሚዘርፉ ወራሪዎች) እና አንግሎ ሳክሶኖች (የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሰዎች) በእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ስለተጋጠሙበት ውጊያ አንባቢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነሆ፤ ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞልደን ውጊያ ምንድን ነው? መቼና የት ተካሄደ?

በኦገስት 10 ወይም 11 ቀን 991፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ 983 ዓ.ም.፣ በመርከብ የመጣ የቫይኪንግ ጦር በኤሴክስ ግዛት ሞልደን ከምትባለው ከተማ አጠገብ ከአገሬው የአንግሎ ሳክሶን ጦር ጋር ገጠመ። የአንድ ቀን ውጊያ ነበር። ቫይኪንጎቹ አሸነፉ፤ የአገሬው ጦር አዝማች ቢርትኖዝም በጦር ሜዳው ወደቀ።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጠረፍ ብዙ እንዲህ ያለ ግጭት አይቷል፤ አብዛኛው በዜና መዋዕል ከአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈ ቦታ አላገኘም። ሞልደን ግን ከሺህ ዓመት በላይ ሳይረሳ ኖሯል። አንደኛ፣ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ወራሪውን በብር መሸኘት የጀመረው በዚሁ ሽንፈት ማግስት ነው። ሁለተኛና ዋነኛው ምክንያት ደግሞ ስለዚህ ውጊያ በጥንታዊ እንግሊዝኛ የተገጠመ ግጥም መትረፉ ነው። የድል ግጥም በየአገሩ ሞልቷል፤ ይህ ግን የተሸነፉትን ሰዎች በየስማቸው እየጠራ፣ ማን ቆመ፣ ማን ሸሸ፣ ማን ምን ተናገረ እያለ የሚዘረዝር ነው።

በ1066 ከተደረገው ውጊያ ጋር አንድ ነው?

አይደለም። ብዙዎች ከሞልደን ጋር የሚያምታቱት የስታምፎርድ ብሪጅን ውጊያ ነው። እሱ የተካሄደው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 25 ቀን 1066፣ በስተ ሰሜን በዮርክሻየር ሲሆን የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ ተሸንፎ የሞተበት ነው።

የሚያምታታው መሻገሪያው ነው። በስታምፎርድ ብሪጅ አንድ ኖርዌያዊ ባለ መጥረቢያ ድልድዩን ብቻውን ይዞ የእንግሊዝን ጦር እንዳገተ ይተረካል። በሞልደን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሻገሪያውን ዘግተው የቆሙት ሦስት የአገሬው ሰዎች ነበሩ።

ተዋጊዎቹ እነማን ነበሩ?

የእንግሊዝ መዛግብት አጥቂዎቹን ባብዛኛው «ዴንማርካውያን» ይሏቸዋል፤ ይሁንና እንዲህ ያለው ጦር ከልዩ ልዩ የስካንዲኔቪያ አገሮች ለዘረፋ የተሰባሰበ ነበር። ከአንግሎ ሳክሶን ዜና መዋዕል ቅጂዎች አንዱ እንደሚለው፣ ኦላፍ የተባለ መሪ 93 መርከቦች ይዞ መጥቶ በመጀመሪያ ፎክስቶንን፣ ቀጥሎ ሳንድዊችን፣ ከዚያም ኢፕስዊችን አጠቃ፤ በመጨረሻም ወደ ሞልደን ዘለቀ። በባሕር እየቀዘፉ አንዱን ዘርፈው ወደ ሌላው ያልፋሉ። ይህንን ልብ ይሏል፤ ኋላ ቢርትኖዝ የወሰነውን ውሳኔ ለመረዳት ቁልፉ እዚህ ነው።

የአገሬው ጦር ሁለት ዓይነት ሰው ነበረበት። አንደኞቹ የቢርትኖዝ የቤቱ ሰዎች ናቸው፤ በማዕዱ የሚበሉ፣ ፈረስና ሰይፍ ከእጁ የተቀበሉ፣ በውጊያ ከጎኑ የማይለዩ ባለሟሎች። ሁለተኞቹ ክተት ተብሎ ከየመንደሩ የወጡ የኤሴክስ ገበሬዎችና ባላገሮች ነበሩ። ግጥሙ እነዚህን ሰዎች በቅርብ ያሳየናል፦ ቢርትኖዝ በፈረሱ ላይ ሆኖ በሰልፉ ፊት እየተመላለሰ እንዴት እንደሚቆሙ፣ ጋሻቸውን ቀጥ አድርገው በጡጫቸው እንዴት አጥብቀው እንደሚይዙ ያስተምራቸዋል፤ አትፍሩ ይላቸዋል። ውጊያው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ጋሻ አያያዝ የሚማር ሰው ትናንት እርሻው ላይ የነበረ ሰው ነው።

ቢርትኖዝ ማን ነበር?

የኤሴክስ ኤልዶርማን ነበር። ኤልዶርማን ማለት ከንጉሡ በታች አንድን ግዛት የሚያስተዳድር፣ የሚፈርድና ጦሩን የሚመራ ሹም ነው፤ በእኛ የቀድሞ ማዕረግ ለደጃዝማች የቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ሹመቱን ያገኘው በ956 በመሆኑ፣ በሞልደን ሲዋጋ 35 ዓመት ሙሉ በሥልጣን ላይ የቆየ ሽማግሌ ነበር። ከሞቱ ብዙም ሳይቆይ የተጻፈ አንድ ገድል ቁመተ ረጅም እንደነበረና ፀጉሩ እንደ ዳክዬ ዘመድ ወፍ እንደ ስዋን ነጭ እንደነበረ፣ ሽበቱም ክንዱን እንዳላሰነፈው ይናገራል።

ስለ ጠባዩ የኢሊ ገዳም መነኮሳት ያቆዩት አንድ ታሪክ አለ። ቢርትኖዝ ወደ ውጊያው ሲዘምት ራምሴ በሚባል ገዳም በኩል አልፎ ለጦሩ ምግብ ጠየቀ። የገዳሙ አበምኔት ለሁሉም የሚበቃ የለንም፤ አንተንና ጥቂት ሰዎችህን ግን እንጋብዛለን ብሎ መለሰለት። ቢርትኖዝም ያለ እነሱ መዋጋት እንደማልችል ሁሉ ያለ እነሱ ምሳ አልበላም ብሎ ወደ ኢሊ አለፈ። ኢሊዎች ሠራዊቱን በሙሉ አበሉ፤ እሱም ርስት ሰጣቸው። ታሪኩን የጻፉት የርስቱ ተጠቃሚዎች መሆናቸው አይካድም፤ ቢሆንም ጭፍሮቹ በኋላ ያደረጉትን ሳስብ ይህ ምሳ ከፊቴ አይጠፋም።

የውጊያው ቦታ ዛሬም ይታያል?

አዎ። ሞልደን በብላክዎተር ወንዝ አፍ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ በባሕር ጨው እስከ ዛሬ ትታወቃለች። ወንዙ በግጥሙ ውስጥ «ፓንቴ» ይባላል። ከከተማዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በወንዙ አፍ ውስጥ ኖርዚ የምትባል ዝቅተኛ ደሴት አለች፤ አብዛኞቹ የታሪክ ሊቃውንት ቫይኪንጎቹ የሰፈሩባት ደሴት እሷ ናት ይላሉ።

ደሴቷን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው አንድ ጠባብ መሻገሪያ ነው። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሲሞላ መንገዱ ይዋጣል፣ ሲጎድል ጭቃና ሣር የለበሰ ቀጭን መስመር ሆኖ ይወጣል። ዛሬም መኪና ይዞ የሚሻገር ሰው የውሃውን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የሞልደን ሰዎች በ2006 ለቢርትኖዝ በወንዙ ዳር ረጅም ሐውልት አቁመውለታል፤ ሰይፉን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ውሃው ይመለከታል።

ውጊያው እንዴት ተጀመረ? ቫይኪንጎቹስ ምን ጠየቁ?

ግጥሙ መጀመሪያው ስለጠፋ የሚከፈተው ሰዎቹ ለሰልፍ ሲዘጋጁ ነው። ቢርትኖዝ እያንዳንዱ ሰው ፈረሱን ለቆ እንዲያባርርና በእግሩ ወደፊት እንዲሄድ ያዛል። አንድ ወጣት፣ ኦፋ የተባለ ባለሟል ዘመድ፣ ለአደን ያመጣውን ጭልፊት በእጁ ይዞ ቆሟል። ኤልዶርማኑ እንደማይቀልድ ሲገባው የሚወደውን ወፍ ወደ ጫካው ይለቀውና ወደ ሰልፉ ይገባል። ገጣሚው ይህ ወጣት በውጊያ እንደማይለግም የሚታወቀው በዚህ ነው ይላል። ጭልፊት ከእጅ ካመለጠ ላይመለስ ይችላል፤ ልጁም ይህን ያውቃል።

ከዚያ ከወዲያኛው ዳርቻ የቫይኪንጎቹ መልእክተኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናገረ። የላኩት ሰዎች ወርቅ እንደሚፈልጉ፣ እርስ በርስ ከመተላለቅ በግብር መገላገል ለአገሬው እንደሚሻል፣ ገንዘቡን ከተቀበሉ ወደ መርከባቸው ተመልሰው በሰላም እንደሚሄዱ አስታወቀ። ቢርትኖዝ ጋሻውን አነሣ፣ ቀጭኑን ጦሩን ነቀነቀ፣ በቁጣም መለሰ፦ ይህ ሕዝብ ግብር አድርጎ ሊሰጣችሁ የተዘጋጀው ጦርና የቆየ ሰይፍ ነው። የንጉሤን የኤተልሬድን ምድርና ሕዝብ የምጠብቅ እኔ እዚህ ቆሜአለሁ። አገራችን ውስጥ እዚህ ድረስ ከዘለቃችሁ በኋላ ገንዘባችንን ይዛችሁ ሳትዋጉ ብትሄዱ ነውር ነው፤ ግብር ከመክፈላችን በፊት ስለትና ጫፍ ይዳኘናል።

ከዚህ ሁሉ ንግግር በኋላ ግን ወዲያው መዋጋት አልተቻለም፤ ባሕሩ ሞልቶ ነበርና። ሁለቱ ጦሮች በውሃ ተለያይተው፣ በቀስት ካልሆነ በቀር አንዱ ሌላውን መንካት ሳይችል፣ ተፋጥጠው ቆሙ። ውሃው ሲጎድል ቢርትኖዝ መሻገሪያውን እንዲጠብቁ ሦስት ሰዎች አቆመ፦ ዉልፍስታን፣ አልፈሬና ማኩስ። ዉልፍስታን በመሻገሪያው ላይ ደፍሮ የወጣውን የመጀመሪያውን ቫይኪንግ በጦር ወግቶ ጣለው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ብዛት ዋጋ አልነበረውም።

ቢርትኖዝ እንዴት ሞተ?

ቫይኪንጎቹ በመሻገሪያው እንደማያልፉ ሲያዩ በነፃ እንዲሻገሩ እንዲፈቅድላቸው ጠየቁ፤ እሱም ፈቀደ። እንዲህ ሲል በቀዝቃዛው ውሃ ላይ ጠራቸው፦ ቦታ ተለቆላችኋል፣ ፈጥናችሁ ኑ፣ ማን የሜዳው ጌታ እንደሚሆን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እነሱም ጋሻቸውን ከፍ አድርገው ውሃውን አቋርጠው ወጡ። ቁራዎች በሰማይ ይዞሩ ጀመር።

በውጊያው መሐል አንድ ቫይኪንግ የወረወረው ጦር ቢርትኖዝን አቆሰለው። እሱ በጋሻው ገፍቶ የጦሩን ዘንግ ሰበረና ያቆሰለውን ሰው አንገቱን ወጋው፤ ሌላውንም ጥሩሩን በጥሶ ደረቱን ወጋው። ሳቀ፣ ስለዚያ ቀን ሥራው ፈጣሪውን አመሰገነ። ወዲያው ሁለተኛ ጦር ጎኑን በሳው። ከጎኑ የነበረ ዉልፍሜር የሚባል ጢም ያላበቀለ ልጅ፣ ያው የመሻገሪያው የዉልፍስታን ልጅ፣ በደም የተነከረውን ጦር ከጌታው ገላ ነቅሎ መልሶ ወረወረና የወርዋሪውን ሰው ሕይወት አጠፋ። ሌላ ቫይኪንግ ደግሞ ቀለበቶቹንና ያጌጠ ሰይፉን ሊገፍፈው ቀረበ። ቢርትኖዝ ሰይፉን መዘዘ፤ ነገር ግን ክንዱን መቱት፣ የወርቅ እጀታ ያለው ሰይፍ ከእጁ ወደቀ። ሽማግሌው ወደ ሰማይ አንጋጦ ነፍሱን በሰላም እንዲቀበላት ፈጣሪውን ለመነ፤ ከዚያ ከአጠገቡ ከቆሙት ሁለት ሰዎች ጋር ቆራርጠው ገደሉት።

የኢሊ መነኮሳት እንደጻፉት ቫይኪንጎቹ ጭንቅላቱን ቆርጠው ወሰዱ። አበምኔቱና መነኮሳቱ ወደ ሜዳው ሄደው አስከሬኑን አመጡ፤ በጭንቅላቱ ቦታም የሰም ድቡልቡል አድርገው ቀበሩት። በ1769 በኢሊ ካቴድራል አጥንቶቹ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዛወሩ ተመርምረው ነበር። የራስ ቅል አልተገኘም፤ የመረመሩትም ሰውየው ቁመቱ ከ2 ሜትር በላይ እንደነበረ ገመቱ። ባለቤቱ አልፍሌድ ደግሞ የባሏን ጀብዱ የሚያሳይ መጋረጃ ለኢሊ ቤተ ክርስቲያን ሰጥታ ነበር፤ መጋረጃው አልተረፈም።

ማን ሸሸ? ሽሽቱስ ለምን ያን ያህል ጎዳ?

ቢርትኖዝ እንደወደቀ የኦዳ ልጆች ጎድሪክ፣ ጎድዊንና ጎድዊግ ወደ ጫካው ሸሹ። ጎድሪክ የሸሸው ቢርትኖዝ ሰልፍ ለመቆም በወረደበት በራሱ በጌታው ፈረስ ላይ ወጥቶ ነው። ገጣሚው ይህ ጌታ ለጎድሪክ ስንት ጊዜ ፈረስ እንደሸለመው ሳያስታውስ አያልፍም።

ጉዳቱ የሦስት ሰዎች መጉደል ብቻ አልነበረም። ከኋላ ያሉት ገበሬዎች የሚያውቁት ፈረሱን ነው። ያ ያጌጠ ፈረስ ከሜዳው ሲጋልብ ሲያዩ ኤልዶርማኑ ሸሸ ብለው አመኑ፤ ጋሻ ለጋሻ የገጠመው ሰልፍም እዚያው ተበተነ። ኦፋ የሚባለው ባለሟል ይህንን በምሬት ይናገራል። ያው ኦፋ ጠዋት በነበረው ስብሰባ ላይ፣ እዚህ በጀግንነት የሚናገሩ ብዙዎች ኋላ በችግር ጊዜ አይጸኑም ብሎ ቢርትኖዝን አስጠንቅቆት ነበር።

ጌታቸው ከሞተ በኋላ የቀሩት ሰዎች ለምን ሸሽተው ነፍሳቸውን አላዳኑም?

የግጥሙ ልብ ያለው እዚህ ነው። አልፍዊን የተባለው ወጣት ባለሟል መጀመሪያ ይናገራል፦ በአዳራሹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠጅ እየጠጣን የፎከርነውን አስታውሱ፤ ደፋር ማን እንደሆነ አሁን ይለያል። የዚያ ዘመን ሰሜናውያን የሚጠጡት ከማር የተጣለ መጠጥ ስለነበረ «ጠጅ» ማለት እዚህ ቃል በቃል ትክክል ነው። በጌታ ግብር ላይ የተፎከረ ፉከራ ዕዳ እንደሆነም ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሚናገሩት በማዕረግ እየወረዱ መሄዳቸው ይደንቀኛል። ሌኦፍሱኑ የስተርመር መንደር ሰው ነው፤ ጌታው ወድቆ እሱ ብቻውን ወደ ቤቱ ተመለሰ ብለው የመንደሩ ሰዎች እንዲወቅሱት እንደማይፈልግ፣ አንዲት እርምጃም ወደ ኋላ እንደማይል ይምላል። አሽፈርዝ የሚባለው ደግሞ በስተ ሰሜን ካለው ከኖርዘምብሪያ ግዛት በመያዣነት የተሰጠ ሰው ነበር። መሸሽ የሚያሳፍረው አይመስልም፤ የሚዋጋለት ምድር የእሱ አይደለም። እሱ ግን ቀስቱን ይዞ እስከ መጨረሻው ወረወረ። ከሁሉም ዱኔሬን አልረሳውም። ተራ ገበሬ ነው፤ ባለሟል አይደለም፣ ከጌታው እጅ ሰይፍም ወርቅም አልተቀበለም። ጦሩን ነቅንቆ፣ ለጌታው ሊበቀል የሚያስብ ሰው ስለ ነፍሱ አይጨነቅ ብሎ የተናገረው ቃል አጭር ነው። ገጣሚው ግን ለእነ ኦፋ የሰጠውን ያህል ክብር ሰጥቶ ጻፈለት።

በመጨረሻ ሽማግሌው ባለሟል ቢርትወልድ ጋሻውን አንሥቶ፣ ከጥንታዊ እንግሊዝኛ ግጥም ሁሉ የበለጠ የሚጠቀሰውን ስንኝ ይናገራል፦ «ኃይላችን ባነሰ መጠን ሐሳባችን ይጽና፣ ልባችን ይጀግን፣ ወኔያችን ይብለጥ።» ቀጥሎም፣ እኔ በዕድሜ ገፍቻለሁ፤ ከዚህ አልሄድም፤ በምወደው ጌታዬ ጎን መጋደም እፈልጋለሁ ይላል። ማናቸውም እናሸንፋለን አላሉም። ሁሉም ሽንፈቱ እንዳለቀ ነገር አውቀው ነው የሚናገሩት።

ኦላፍ ትሪግቫሰን በሞልደን ነበር?

ዜና መዋዕሉ ኦላፍን የሚጠቅሰው የ991ንና የ993-994ን ክስተቶች አደባልቆ በሚመስል አንድ ቅጂ ውስጥ ስለሆነ በሊቃውንት ዘንድ ክርክር አለ። ሌላ የቆየ ምንጭ የጦሩ መሪዎች ዩስቲንና ጉትሙንድ ነበሩ ይላል። ሦስቱም ስሞች ግን ከንጉሥ ኤተልሬድ ጋር በተደረገ አንድ የሰላም ውል ላይ አብረው ስለተጻፉ የአንድ ጦር ሰዎች እንደነበሩ ግልጽ ነው።

የኦላፍ የኋላ ታሪክ ልብ ይነካል። በ994 ንጉሥ ኤተልሬድ አንዶቨር ላይ የክርስትና አባት ሆነለት፤ ኦላፍም ዳግመኛ በጠላትነት ወደ እንግሊዝ እንደማይመጣ ቃል ገባ፤ ዜና መዋዕሉም ቃሉን መጠበቁን ይመሰክርለታል። በ995 የኖርዌይ ንጉሥ ሆነ፤ በ1000 በስቮልደር የባሕር ውጊያ ሞተ።

ከሽንፈቱ በኋላ የተከፈለው ግብር ስንት ነበር? ጠቀመ?

በዚያው ዓመት በካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ በሲጌሪክ ምክር 10,000 ፓውንድ ተከፈለ። የዚያ ዘመን ፓውንድ 240 የብር ሳንቲም ስለሆነ ድምሩ 2,400,000 ሳንቲም ይሆናል፤ እያንዳንዱ በእጅ የተመታ ትንሽ ስስ ብር። ቢርትኖዝ በግጥሙ በነውርነት የጣለውን ነገር ቤተ መንግሥቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ተቀበለው።

ለጊዜው ጠቀመ፤ ጦሩ ሌላ ቦታ ሄደ። ነገር ግን ብር የሚከፍል አገር መኖሩን የሰማ ሁሉ መጣ። ዜና መዋዕሉ በ994 16,000፣ በ1002 24,000፣ በ1012 48,000 ፓውንድ እንደተከፈለ ይዘግባል። አኃዞቹ ተጋንነዋል የሚሉ የታሪክ ምሁራን አሉ፤ ይሁንና በስካንዲኔቪያ ምድር የተገኙት የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሳንቲሞች በእንግሊዝ ከተገኙት ይበልጣሉ። በስዊድን አንድ የመታሰቢያ ድንጋይ ኡልፍ የሚባል ሰው በእንግሊዝ ሦስት ጊዜ ከግብሩ ድርሻ መውሰዱን በኩራት ይናገራል። በመጨረሻ በ1013 የዴንማርኩ ንጉሥ ስቬን አገሩን ያዘ፤ በ1016 ልጁ ክኑት ነገሠ። እሱም በ1018 ከአገሩ 72,000፣ ከለንደን ብቻ ደግሞ 10,500 ፓውንድ ተቀበለ።

ጥፋቱን ሁሉ በኤተልሬድ ላይ መጫን ልማድ ሆኗል። ስሙ «ክቡር ምክር» ማለት ሲሆን በኋላ የመጡ ሰዎች «ምክር አልባ» የሚል ቅጽል አወጡለት። በ978 በልጅነቱ የነገሠ ሰው ነበር፤ ከሞልደን በኋላም በእጁ የቀረው ምርጫ ጠባብ ነበር። እኔ የምጠይቀው መክፈሉን ሳይሆን በተገዛው ጊዜ ምን ሠራበት የሚለውን ነው። በ1002 በግዛቱ ያሉ ዴንማርካውያን እንዲገደሉ ማዘዙ መልሱን በከፊል ይናገራል።

ቢርትኖዝ ጠላቱን ማሻገሩ ትዕቢት ነበር?

ከሁሉ የሚያከራክረው ጥያቄ ይህ ነው። ገጣሚው ያኔ ስለ ምክንያቱ የተጠቀመው አንድ ቃል «ኦፈርሞድ» ነው። «ሞድ» ልብ፣ መንፈስ፣ ወኔ ማለት ነው፤ «ኦፈር» ከመጠን ያለፈ ማለት። አማርኛችን ልቡ ያበጠ ሰው የሚለው ለዚህ የቀረበ ነው። አንዳንዶች ቃሉ ብርቱ ድፍረትን ብቻ ይገልጻል ብለው ተከራክረዋል፤ ነገር ግን በሌላ የዘመኑ ግጥም ይኸው ቃል ለሳጥናኤል ትዕቢት ውሏል። ገጣሚው አዝማቹን እየወደደ ይወቅሰዋል፤ ይህን ማለሳለስ ግጥሙን መበደል ይመስለኛል።

በሌላ በኩል የጦር ሰው ሆነን እንየው። ቢርትኖዝ መሻገሪያውን ዘግቶ ቢቀመጥ ቫይኪንጎቹ መርከባቸውን አንሥተው ሌላ ጠረፍ ይዘርፋሉ፤ ኢፕስዊች ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እሱ መርከብ የለውም። ያሰባሰበው ገበሬ ደግሞ አዝመራው በደረሰበት በኦገስት ወር ለብዙ ቀን አይቆይለትም። ጠላቱን በየብስ አግኝቶ መግጠም የሚችለው ያን ቀን ብቻ ነበር። ስለዚህ ለመዋጋት መወሰኑን ትዕቢት ማለት አልችልም።

ታዲያ ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? ገጣሚው ለጠላት «ከልክ በላይ ብዙ መሬት» ሰጠ ይላል እንጂ አሻገረ ብቻ አይልም። እኔ የምይዘው ይህን ቃል ነው። ግማሹ ተሻግሮ ግማሹ ውሃ ውስጥ ሳለ መምታት ይቻል ነበር፤ ቢርትኖዝ ግን ወደ ኋላ ስቦ ሜዳ ለቀቀላቸው፣ ሙሉ ሰልፍ እስኪይዙም ጠበቀ። ጨዋታውን እኩል አደረገው፤ ገበሬ ለያዘ ጦር እኩል ጨዋታ ሽንፈት ነው። ያም ሆኖ ቫይኪንጎቹ በቀላሉ አልተላቀቁም፤ ከላይ የጠቀስኩት ገድል የቆሰለባቸው ሰው ከመብዛቱ የተነሣ መርከቦቻቸውን የሚቀዝፍ እስኪያጡ ደርሰው ነበር ይላል።

ግጥሙን እንደ ታሪክ ማመን ይቻላል? ሙሉውስ አለ?

ንግግሮቹ ቃል በቃል የተነገሩ አይደሉም፤ ጦር በሚወረወርበት መሐል ማንም በስንኝ አይናገርም። ሞልደን ላይ ውጊያ መደረጉን፣ ቢርትኖዝ መሞቱንና ግብሩን ግን ሌሎች ምንጮች ያረጋግጣሉ። ስሞቹን በተመለከተ፣ ገጣሚው እነዚያን ሰዎች ወይም ቤተሰቦቻቸውን ለሚያውቁ አድማጮች እንደገጠመ አምናለሁ። ዱኔሬን የመሰለ ተራ ገበሬ ወይም የኦዳን ልጆች በስም ለመጥራት ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ግጥሙ የደረሰን በጭንቅ ነው። የነበረው አንድ ብራና ብቻ ሲሆን እሱም ያኔ መጀመሪያውንና መጨረሻውን አጥቶ ነበር። ብራናው የነበረበት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሆነ ዴቪድ ካዝሊ የተባለ ሰው በእጁ ገለበጠው፤ ያም ግልባጭ በ1726 ታተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1731፣ ብራናው ይቀመጥበት የነበረው አሽበርንሃም ሃውስ የተባለው የለንደን ሕንፃ በእሳት ተያያዘና ብራናው ነደደ። የካዝሊ እጅ ባይደክምለት ኖሮ ዱኔሬ የሚባል ሰው እንደነበረ ዛሬ ማንም አያውቅም ነበር።

የተረፉት 325 ስንኞች ናቸው። በመጨረሻዎቹ ላይ አንድ ሰው ጦር እየወረወረ፣ ጓደኞቹን እያበረታታ፣ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ቫይኪንጎቹ ይገባል፤ እየቆረጠና እያቆሰለ ሄዶ ይወድቃል። ስሙ ጎድሪክ ነው፣ የአተልጋር ልጅ። ከዚያ ግጥሙ በተቋረጠበት ቦታ ላይ ገጣሚው ስሙ እንዳይምታታበት ብሎ አንድ ነገር ያክላል፦ ይህ ከውጊያው የሸሸው ጎድሪክ አይደለም።